ክሮፕሲን ፍለጋ ሲወጡ ያለፉት ግቢ

እኛ ጋ ልጅ አልተኛ ካለ «አያ ጅቦ መጣልህ!» ይባላል። የኒውዮርኳ ስታተን አይላንድ ልጆች የሚፈሩት ደግሞ ክሮፕሲን ነበር። ከአእምሮ ሕክምና ያመለጠ፣ በእጁ ፈንታ መንጠቆ ያለው፣ ማታ ማታ ልጅ የሚሰርቅ ሰው ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ክሮፕሲ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የዚህን ወሬ ሥር ይፈልጋል። ሁለቱ አዘጋጆች ያደጉትም እዚያው ደሴት ላይ ነው።

ወሬ ብቻ ሆኖ በቀረ። በ1987 ዳውን ሲንድረም ያለባት የ12 ዓመት ልጅ ጠፋች። ከሳምንታት ፍለጋ በኋላ አስከሬኗ ዊሎብሩክ ከሚባለው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ማቆያ አካባቢ ተቀብሮ ተገኘ። የተያዘው አንድሬ ራንድ ድሮ እዚያ ይሠራ የነበረ፣ በኋላም ጫካው ውስጥ ያድር የነበረ ሰው ነው። ፖሊስ ይዞት ሲሄድ የተቀረጸው ምስል ፊልሙ ላይ አለ። ዓይኑ ፈጧል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ይህን ያየ ሰው ሌላ ምን ማስረጃ ይጠይቃል? ጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ተራ ዜጎች ቡድን) ግን በጠለፋ ጥፋተኛ ቢለውም በግድያው መስማማት አልቻለም። በ2004 ደግሞ በ1981 የጠፋች ሌላ ልጅ በመጥለፍ ተፈረደበት። ያውም ከ23 ዓመት በኋላ፣ በአብዛኛው በምስክሮች ትዝታ።

ራንድ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ስለ ሰይጣን አምላኪዎች የሚወራውን ሁሉ ያመጣና ሳያጣራ ጥሎት ይሄዳል። አዘጋጆቹ በሌሊት ባትሪ ይዘው ፍርስራሹ ውስጥ ይዞራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ተመልካች ከማስደንገጥ በቀር የፈየደው ነገር የለም።

የሚያስፈራው እኮ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በ1972 ጋዜጠኛው ጄራልዶ ሪቬራ ሳይፈቀድለት ካሜራ ይዞ ዊሎብሩክ ገባ። ያነሳውን ፊልሙ ያሳየናል፤ ጨለማ ክፍል፣ ባዶ ወለል፣ ራቁታቸውን የተኮራመቱ ልጆች። ለ4,000 ሰው የተሠራው ግቢ በ1960ዎቹ ከ6,000 በላይ ታጭቆበት ነበር። ሐኪሞች ለምርምር ብለው ልጆችን ሆን ብለው ሄፓታይተስ የሚባለውን የጉበት በሽታ ያስያዙትም እዚሁ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን በጀቱን የሚመድበው መንግሥት ነበር። ግቢው በይፋ የተዘጋው በ1987 ነው። ሰፈሩ ግን ጭራቁን የፈለገው ከዚያ ባመለጠ በሽተኛ ውስጥ ነው፤ እዚያ የተሰቃዩት ራሳቸው ማስፈራሪያ ሆነው ቀሩ።

ፊልሙ ይህን አይቶታል፣ ግን ቶሎ ያልፈዋል። እኔ ብሆን የሌሊቱን ዙረት ቆርጬ የ1972ቱን ቀረጻ አስረዝመው ነበር።