ሽንኩርት በ5 ደቂቃ ቡናማ አይሆንም

ለእራት የሠሩትን ምግብ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ አሠራሩን ጽፈው ለሌላው የሚያካፍሉ ሰዎችን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን «ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን 5 ደቂቃ ማቁላላት» የሚለውን ሳነብ ትዕግሥቴ ያልቃል። የሽንኩርት አብዛኛው ክብደት ውሃ በመሆኑ፣ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሽንኩርቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ፈቅ አይልም፤ ቡናማነቱን የሚያመጣው ግን ከዚያ የበለጠ ሙቀት ነው። ትናንት ማታ የተጻፈውን አምኜ፣ ደቂቃው ሲያልፍብኝም እሳቱን ብጨምር፣ ጫፍ ጫፉ አርሮ መሐሉ ጥሬ ቀረ፤ ልጆቼ ደግሞ ማዕድ ከብበው ይጠብቁኝ ነበር። በመጠነኛ እሳት 40 ደቂቃ ከፈጀባችሁ፣ እባካችሁ 40 ብላችሁ ጻፉ። ይህን ባውቅ ኖሮ ሽንኩርቱን ከሁሉ አስቀድሜ እጥድ ነበር።