የእንስሳን ሕመም ስንለካ አጠገቡ ማን አለ?

አንድ እንስሳ ምን ያህል እንደሚያመው ለማወቅ ስንሞክር ዓይናችን በቅድሚያ የሚያርፈው ቁስሉ ላይ ነው። ይሁንና ቁስሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሕመሙ ሊለያይ ስለሚችል፣ በአካባቢው ማን እንዳለና ምን ያህል እንደተጨነቀ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ግምት እንስሳውን የሚገባውን ማስታገሻ ሊያሳጣው ይችላል።

በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄፍሪ ሞጊልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አሴቲክ አሲድ ሆዳቸው ውስጥ የተወጉ አይጦች ከሕመሙ የተነሣ ሲጠማዘዙ ተመልክተዋል። አብሯቸው የኖረ ሌላ አይጥ በተመሳሳይ ሕመም ሲሠቃይ ሲያዩ መጠማዘዛቸው ጨመረ፤ የሚያዩት አይጥ እንግዳ ሲሆን ግን አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የጭንቀት ሆርሞን እንዳይመረት የሚያግደው ሜቲራፖን የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ በማይተዋወቁት መካከልም ሕመሙ ይጋባ ጀመር። ጋሬጣ ሆኖ የቆየው ጭንቀቱ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በዚሁ የምርምር ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ውጤት ነው። ወንድ ተመራማሪ አጠገባቸው ሲቀመጥ፣ ወይም ወንድ ለብሶት ያደረ ካናቴራ ብቻ በአቅራቢያቸው ሲደረግ፣ የአይጦቹ የሕመም ምልክት ቀነሰ፤ በሴቶች ጊዜ ይህ አልታየም። ሽታው ስላስጨነቃቸው ሰውነታቸው ሕመሙን ለጊዜው አፍኖት ነበር። ድንገተኛ ፍርሃት በአንጎል ውስጥ ያሉትን ተፈጥሯዊ ማስታገሻዎች ስለሚቀሰቅስ ሕመምን ያደበዝዛል፤ ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ጭንቀት ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ሕመምን ያባብሳል።

እንግዲህ በማያውቀው ክፍል፣ በማያውቀው ሰው እጅ፣ የሌሎች እንስሳት ሽታ እየሸተተው የሚመረመር እንስሳ ዝም ማለቱ ምን ያረጋግጣል? በተለይ የሚታደኑ እንስሳት በአደጋ ፊት ድካማቸውን የመሸሸግ ዝንባሌ ስላላቸው፣ «ተረጋግቷል» ተብሎ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ቃል ፍርሃትን እንደ ጤንነት ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች ከተቻለ እንስሳው ከለመደው ሰው ጋር ሳለ፣ ወይም ብቻውን ሆኖ በካሜራ፣ ደግመው ቢያዩት ይበጃል። ከቀዶ ሕክምና በኋላም አብሮ መሆናቸው ቁስሉን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ከባልንጀራው መለየቱ እንደ ተራ አሠራር መወሰድ የለበትም።

የላቦራቶሪ ጥናቶችም እንስሳቱ ከነማን ጋር እንደኖሩና ማን እንደያዛቸው፣ የተመራማሪውን ጾታ ጨምሮ፣ ሊገልጹ ይገባል። ይህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የአንድ ማስታገሻ መድኃኒት ውጤት ከተመራማሪው ሽታ ውጤት ሊለይ አይችልም።