ጤና መድህኑ የሚሰናከለው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ በጨመረ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ያው ነው። አንዱ ወገን «የሕክምና ዋጋ እንዲህ ንሮ መዋጮው ባለበት ሊቀጥል አይችልም፤ አባልነቱም ለሁሉም ግዴታ ይሁን» ይላል። ሌላው ደግሞ «ካርዱን ይዘን ሄደን መድኃኒት የለም የምንባል ከሆነ የምንከፍለው ለምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ነገር ግን ስንት ይከፈል፣ ይገደድ ወይስ አይገደድ በሚለው ላይ ብቻ ስንከራከር፣ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ የት ላይ ተይዞ እንደሚቀር የሚጠይቅ ጠፍቷል። በእኛ እምነት መዋጮው እንደገና ከመጨመሩ በፊት የጤና ተቋማት የሚከፈላቸው መንገድ መለወጥ አለበት፤ በየወረዳው የተበታተነው ገንዘብም አንድ ላይ መሰብሰብ አለበት።

ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። መደበኛ ደመወዝ የሌለው አርሶ አደር ወይም ነጋዴ በቤተሰብ ይመዘገባል፤ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ሲታመም ውል ወደተገባለት ጤና ጣቢያ ሄዶ ከኪሱ ሳይከፍል ይታከማል፤ ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ያን ጊዜ መዋጮው በብዙው ቦታ ለአንድ ቤተሰብ በወር ሲሰላ አሥር፣ አሥራ አምስት ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ሥርዓቱ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ደርሷል፤ መዋጮውም በብዙ ከተሞች በዓመት ከሺህ ብር አልፏል። የተገኘው ውጤት የሚናቅ አይደለም። በሬ ሸጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ ይታከም የነበረ ብዙ ሰው ዛሬ በጊዜ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። የምንጽፈውም ይህ እንዳይፈርስ ስለምንፈልግ ነው።

ችግሩ በግልጽ የሚታየው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸውን አንዲት እናት እናስብ። ሐኪሙ ለግፊቱ አምሎዲፒን፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ አቶርቫስታቲን ያዙላቸዋል። መስኮቱ ላይ ሜትፎርሚኑ ይሰጣቸዋል፤ ሁለቱ ግን «የለም» ተብሎ ወረቀቱ ላይ ይጻፍባቸዋል። ከግቢው ውጭ ካለው የግል መድኃኒት ቤት በራሳቸው ብር ይገዛሉ። ገንዘቡ እንዲመለስላቸው ከፈለጉ ደግሞ «የለም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ማዘዣ፣ ሕጋዊ ደረሰኝና የታደሰ ካርድ ይዘው ወደ ወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት መሄድ አለባቸው። ተመላሹ በመንግሥት ተቋም ዋጋ ሲሰላ ልዩነቱ በእሳቸው ላይ ይቀራል። የትራንስፖርቱ ወጪ ሲታሰብ ደግሞ መመላለሱ ከሚመለሰው ገንዘብ ይበልጥ ያስወጣል። ሕመማቸው ሥር የሰደደ በመሆኑ ይህ በየወሩ ይደገማል። በዓመቱ መጨረሻ ካርድ ከማያድሱት ብዙዎቹ እንዲህ የደከማቸው ናቸው፤ ግንዛቤ ስላነሳቸው አይደለም። «የግንዛቤ ማስጨበጫ» በሚል የሚወጣው ገንዘብ ለእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ቢውል ይሻል ነበር።

መድኃኒቱ ለምን ጠፋ? ጤና ጣቢያው አባላትን በዱቤ ነው የሚያክመው። የሦስት ወር ማዘዣና የአገልግሎት ወረቀት ሰብስቦ የክፍያ ጥያቄ ለወረዳው ያቀርባል። የወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደግሞ ከተቋቋመ ጀምሮ ሦስት ያህል ናቸው፤ አስተባባሪ፣ የሂሳብ ሠራተኛና የመረጃ ሠራተኛ። በሺህ የሚቆጠሩ ወረቀቶችን አንድ በአንድ ያያሉ። አንዱ ምርመራ አልተጻፈበትም፤ ሌላው የሐኪም ፊርማ ይጎድለዋል፤ የአንዱ ካርድ ጊዜው አልፏል፤ አንድ የአባልነት ቁጥር በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ተመዝግቧል፤ የአንዱ መድኃኒት ዋጋ ከተቋሙ የዋጋ ዝርዝር በላይ ነው። ጥቂት ወረቀት ሲበላሽ ጠቅላላ ክፍያው ተይዞ ይቆያል። ከዚህም በኋላ ባንክ ያለው ገንዘብ ካልበቃ ክፍያው ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይተላለፋል።

ጤና ጣቢያው እስከዚያው መድኃኒት መግዛት አለበት። ጥያቄውን በየሁለት ወሩ በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ ያቀርባል፤ ክምችቱ ከሁለት ወር ፍጆታ በታች እንዳይወርድ፣ ከአራት ወርም እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚሰላው። ቅጹን በትክክል መሙላት ግን መድኃኒት አያመጣም፤ የሚገዛበት ብር ያስፈልጋል፤ ብሩ ደግሞ ወረዳው ጋ ተይዟል። ስለዚህ ብዙ አባላትን ያከመ ጤና ጣቢያ ቀድሞ መድኃኒት ያልቅበታል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ታካሚ ዛሬውኑ ብር ያመጣል፤ የባለካርዱ ሂሳብ ግን ወራት ይፈጃል። ፋርማሲስቱ የቀረችውን ጥቂት መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ ሲያመነታ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ጥፋቱን ሥርዓቱ ላይ እናደርገዋለን።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ብር ከምንዛሪ ቁጥጥር ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። መድኃኒቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ፣ አገር ውስጥ የሚመረተውም በውጭ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ በመሆኑ ዋጋው አብሮ ወጣ። አንድ ጤና ጣቢያ በቀድሞው ዋጋ ሸጦ ክፍያው ከወራት በኋላ ሲደርሰው፣ በዚያው ብር የገዛውን ያህል መልሶ መግዛት አይችልም። ተዘዋዋሪው የመድኃኒት ፈንድ፣ ማለትም ከመድኃኒት ሽያጭ ተገኝቶ መልሶ ለግዢ የሚውለው ገንዘብ፣ በዞረ ቁጥር እየከሳ ይሄዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የወረዳው ኪስ ነው። ለማሳያ ያህል 20,000 ቤተሰብ ያለውን ወረዳ እንውሰድ። 12,000ው ከፍለው ተመዘገቡ፤ እያንዳንዱ 1,000 ብር አዋጣ እንበል፤ 12 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አንድ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ ስድስት ጊዜ ቢታከምና አንዱ ጉብኝት 180 ብር ቢያስወጣ ወጪው 12 ሚሊዮን 960 ሺህ ብር ነው። ይህ እንግዲህ የቀዶ ሕክምና፣ የካንሰርና የረጅም ጊዜ አልጋ ወጪ ሳይጨመር ነው። አንድ ወረዳ በአንድ ዓመት ጥቂት ከባድ ሕሙማን ከገጠሙት ወይም ወባ በወረርሽኝ መልክ ከተነሳበት፣ አጎራባቹ ወረዳ ባንክ ውስጥ ትርፍ ገንዘብ ይዞ እያለ እሱ የሪፈራል ሆስፒታል ባለዕዳ ይሆናል። ጤና መድህንን ብዙ ጊዜ ከእድር ጋር ያመሳስሉታል። እድር በትንሽ ቁጥር የሚሠራው ግን የቀብር ወጪ ከሰው ሰው ብዙም ስለማይራራቅ ነው። የሕመም ወጪ ከመቶ ብር እስከ መቶ ሺህ ብር ይደርሳል፤ ይህን ለመሸከም የሚያዋጣው ሰው ብዛት በመቶ ሺህዎች መሆን አለበት።

ጋና በዚሁ መንገድ አልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ በየወረዳው የጋራ መድህን አቋቁማ ነበር፤ በ2012 በወጣው ሕግ ግን ሁሉንም አንድ ብሔራዊ ተቋም ሥር አደረገቻቸው። ለመድህኑ የሚውለው ገንዘብም ከመዋጮ ብቻ አይመጣም፤ በዕቃና በአገልግሎት ላይ የሚጣል የ2.5 በመቶ ቀረጥ ትልቁን ድርሻ ይይዝ ነበር። ሩዋንዳ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ከፋፈለችው፤ ለአንድ ሰው በዓመት 2,000፣ 3,000 እና 7,000 የሩዋንዳ ፍራንክ፤ የድሃ ድሃውን ድርሻ መንግሥትና አጋሮች ከፈሉለት። በ2015 አስተዳደሩን ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ቦርዱ አዛወረች። ሁለቱም አገሮች ችግራቸውን ጨርሰው አላጠፉም፤ በጋና የጤና ተቋማት ክፍያ ዘገየብን የሚለው አቤቱታ እስካሁን አለ። ገንዘቡን አንድ ማድረግ ብቻውን መድኃኒት አያመጣም፤ የክፍያው መንገድም መለወጥ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

በእኛ አገር መዋጮው በብዙ ቦታ ለሁሉም እኩል ሆኖ ነው የቆየው። አንድ ጥማድ መሬት ያለው ድሃም የእህል ነጋዴውም ያው ብር ይከፍላሉ። መዋጮው ሲጨምር ከሥርዓቱ የሚወጣው ድሃው ነው፤ ነጻ ለመሆን ያልደኸየ፣ ለመክፈል ግን ያልቻለ። ጨርሶ መክፈል ለማይችሉት የክልል መንግሥት 70 በመቶ፣ ወረዳው 30 በመቶ ይሸፍናል ተብሎ ነው የተጀመረው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚወሰነው በበጀት ኮታ በመሆኑ ቀበሌው ስም የሚመለምለው ለኮታው እንዲበቃ አድርጎ ነው። ወረዳው 30 በመቶውን ካዘገየ ደግሞ የነጻ ካርድ የያዘው ሕመምተኛ የሌሎቹን መዋጮ ይጋራል፤ ጉድለቱ የእሱ ጥፋት ሳይሆን የእሱ ይመስላል። የፌዴራል መንግሥት ለሁሉም አባላት የሚሰጠው አጠቃላይ ድጎማም በሙከራው ዘመን ከተሰበሰበው 25 በመቶ ገደማ ነበር፤ በኋላ ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ተገልጋዩ ላይ መዋጮ እየጨመረ የመንግሥት ድርሻ የሚቀንስበት አካሄድ ተቃራኒ ነው።

ግዴታው ላይ አቋማችን ይህ ነው። በመርህ ደረጃ አባልነት ግዴታ መሆኑን እንደግፋለን። ምዝገባው በፈቃድ ብቻ ሲሆን ቀድሞ የሚመዘገበው የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ጤነኛው ይቆያል፤ የመድህኑም ኪስ ይራቆታል። ከምዝገባ በኋላ የሚጠበቀው የአንድ ወር ጊዜም ይህን ለመከላከል የገባ ነው፤ ግን በቂ አይደለም። ይሁን እንጂ ግዴታው በቀበሌ ደጃፍ፣ ማዳበሪያ ወይም መታወቂያ ከመድህን ካርድ ጋር በማያያዝ የሚፈጸም ከሆነ ሕዝቡ መድህኑን እንደ ግብር ያየዋል። እንዲህ ያለ ቅሬታ በተደጋጋሚ ይሰማል፤ በአስቸኳይ መቆም አለበት። መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ ሲገኝ ማስገደዱ በአብዛኛው አስፈላጊ አይሆንም።

የደመወዝተኛው መድህንም አለ። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ መንገድ ከፍቶ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን በተደጋጋሚ ተላልፏል። መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የተቃወሙት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ከተቆረጠብን በኋላ የምናገኘው ሕክምና ከዛሬው በምን ይሻላል? መልሱ እስካልተሰጠ ድረስ ቢቃወሙ አይፈረድባቸውም። ሆኖም ሲጀመር ለደመወዝተኛው የተለየ ኪስ ማዘጋጀቱ ስህተት ይሆናል። በየወሩ ያለ ችግር የሚቆረጠው የደመወዝተኛ ገንዘብ ከገበሬው ጋር በአንድ ቋት ቢገባ ለሁለቱም ይበጃል፤ ተለያይተው ከሄዱ ግን ሆስፒታሉ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ያላቸው ሕሙማን ይኖሩታል።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ለጤና ጣቢያዎች በየወረቀቱ መክፈል ይቅር፤ በተመዘገበላቸው አባል ቁጥር ልክ በየሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ቀድሞ ይከፈላቸው። ገንዘቡ እጃቸው ሲገባ መድኃኒቱን ቀድመው ያዛሉ፤ ወረዳውም ከወረቀት ማጣራት ይገላገላል። ይህ አከፋፈል የራሱ አደጋ አለው፤ ጤና ጣቢያው ገንዘቡን ይዞ ሕመምተኛውን ያለ በቂ ምክንያት በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሊሸኝ ይችላል። ስለዚህ ከክፍያው የተወሰነው፣ ለምሳሌ አምስተኛው እጅ፣ ይቆይና የተመረጡ መድኃኒቶች በሩብ ዓመቱ ሳይቋረጡ መገኘታቸው ሲረጋገጥ ይለቀቅ። ዝርዝሩ ረጅም መሆን የለበትም፤ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልጆች የሳንባ ምችና የተቅማጥ ሕክምና መድኃኒቶች ይበቃሉ። ለሆስፒታሎች ደግሞ እንደ ሕክምናው ዓይነት የተወሰነ ዋጋ ይቀመጥና ክፍያው ከክልል ቋት በቀጥታ ይውጣ፤ የአንድ ወረዳ ኪስ የቀዶ ሕክምናን ዕዳ እንዲሸከም አይፈረድበት።

ውጭ ለሚገዛ መድኃኒት ከከነማና ከቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች፣ እነዚህ በሌሉበትም ከአንድ የታወቀ የግል መድኃኒት ቤት ጋር ውል ይገባ፤ አባሉ በካርዱ ይውሰድ፤ ሂሳቡን ጽሕፈት ቤቱና መድኃኒት ቤቱ ይተሳሰቡ። አንዳንድ ከተሞች ይህን ጀምረውታል፤ ገጠሩ ግን ገና ነው።

ከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት በፊትም እያንዳንዱ ወረዳ ሦስት ቁጥሮችን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ብር እንደሰበሰበ፣ ለየትኛው ጤና ተቋም ስንት ብር ዕዳ እንዳለበት፣ በተመረጡት መድኃኒቶች ስንት ቀን «የለም» እንደተባለ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች በሂሳብ ሠራተኛው መዝገብ፣ ሦስተኛው በጤና ጣቢያው የመጋዘን ካርድ ላይ ዛሬም ተጽፈው ይገኛሉ።