ደማቅ አይሻዶና ሙሉ ሸፋኝ ሜካፕ ከሠርጉ በፊት ቤት ውስጥ ይሞከር

አዳማ ውስጥ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ እስከ ግንቦት መጨረሻ የሠርግ መኪና ጥሩምባ አይጠፋም። በእነዚህ ወራት ብዙ ሙሽሮችና ሚዜዎች ሙሉ ሸፋኝ ፋውንዴሽን (የፊት መሠረት ቀለም) እና ደማቅ አይሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም) በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀቡት በዚያው በሠርጉ ማለዳ ነው። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለናል። እንዲህ ያለው ሜካፕ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ የሚያጣድፍ ሰው በሌለበት መሞከር አለበት። ስስ ፋውንዴሽን ቁጥሩ፣ ማለትም የቀለም ደረጃው፣ ትንሽ ቢሳት እንኳ ቆዳው ከሥር ስለሚታይ ያልፋል። ሙሉ ሸፋኙ ግን ያችኑ ስህተት አጉልቶ ያወጣታል።

ልዩነቱ የቀለሙ መጠን ነው። በስስ ፋውንዴሽን ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄት ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም። ሙሉ ሸፋኝ በሚባለው ግን እስከ ሲሶ ሊደርስ ይችላል። ቀለሙ በአብዛኛው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ከነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ የሚገኝ ነው። አሜሪካዊቷ ሊዲያ ኦሊሪ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ኮቨርማርክ የተባለውን ሸፋኝ ክሬም የሠራችው ፊቷ ላይ አብሯት የተወለደውን ምልክት ለመደበቅ ነበር። አንድን ቦታ ለመሸፈን የተሠራ ነገር ዛሬ ከግንባር እስከ አገጭ በአንድ ውፍረት ሲለጠፍ እናያለን። እዚህ ላይ ነው የማንስማማው። ጉልበቱ ያለው ቀለሙ ውስጥ እስከሆነ ድረስ መጠኑ ማነስ አለበት። ለመላው ፊት ሁለት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ሦስተኛ ካስፈለገ ወይ ቁጥሩ ወይ አቀባቡ ተሳስቷል።

ልምምዱ ከዓይን ይጀመር። ብዙ ቀለም ያለው አይሻዶ ሲቀባ ዱቄቱ ጉንጭ ላይ ይረግፋል። ፋውንዴሽኑ ቀድሞ ተቀብቶ ከሆነ የረገፈውን ሲጠርጉት ይጨማለቃል፤ ከሥር ያለውንም ያበላሻል። ዓይን ቀድሞ ካለቀ ግን ጥጥ በሚሴላር ውሃ (ሜካፕ በሚያነሣ ማጽጃ ውሃ) ነክሮ ማጽዳት ነው፤ በዚያው ጉንጩ ለፋውንዴሽን ዝግጁ ይሆናል።

የዓይን ቆብ ወዝ ስላለው መጀመሪያ በሶፍት ይደርቅ። ከዚያ የሩዝ ፍሬ ያህል ፕራይመር (ከሜካፕ በፊት የሚቀባ መሠረት) ወይም ኮንሲለር (ጥቁረት መሸፈኛ) ለሁለቱም ዓይን ይበቃል፤ በቀለበት ጣት መታ መታ እያደረጉ ማዳረስ፣ አንድ ደቂቃ መጠበቅ፣ በላዩ የቆዳ ቀለም ያለው ፓውደር በስሱ ማሳረፍ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ቀለሙ ሰዓት ሳይሞላ መታጠፊያው ላይ መስመር ሠርቶ ያገኙታል። መሠረቱ ገና እርጥብ ሳለ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሚያሳርፉት ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ብሩሹ መጀመሪያ የነካው ቦታ ቀለሙን ይዞ ይቀራል፣ ቢያሹት ቢያሹት አይለቅም። ያ ነጠብጣብ የሚመጣው ከአይሻዶው ርካሽነት ሳይሆን ከችኮላ ነው።

ሦስት ብሩሽ ካለ ሥራው ይሠራል። አንዱ ለስላሳና ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ፣ ሦስተኛው ምንም ቀለም የማይነካ ንጹሕ። በሰፊው ብሩሽ ከተቀቢዋ ቆዳ አንድ ደረጃ የሚጠቁር፣ የማያብረቀርቅ ቡናማ ከመታጠፊያው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀባል። ለጠይም ፊት ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ይስማማል፤ ግራጫ የሚያደላው ግን ዓይንን የታመመ ያስመስላል። ቀጥሎ ዋናው ቀለም በጠፍጣፋው ይመጣል። ጫፉን ብቻ ማስነካት፣ እጀታውን መታ አድርጎ ትርፉን ማራገፍ፣ ከዚያ ቆቡ ላይ መጫን። መጎተት ክልክል ነው፤ ሲጎተት ቀለሙ ከታች ያለውን መሠረት ገፎ ይሄዳል። ዳር ዳሩ የሚለሰልሰው በንጹሑ ብሩሽ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ነው። እዚያ ላይ አዲስ ቀለም መጨመር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ጨለማው እየሰፋ ቅንድብ ድረስ ይወጣል። በየመሃሉ ዓይንን ገልጦ ፊት ለፊት በመስታወት ማየት ያስፈልጋል፤ ጨፍኖ ያማረው ሲገለጥ እጥፋቱ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ከሦስት ቀለም በላይ ባይበዛ ይመረጣል። ወይን ጠጅና ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ሲቀላቀሉ ድንበራቸው ላይ የሚወጣው የጭቃ መልክ ነው። ጎን ለጎን ይቀመጡ ከተባለ በመካከላቸው ቡናማ ይግባ። ደብዛዛ ሮዝና ውሃ ሰማያዊ ዓይነቶቹ ውስጣቸው ነጭ ስለሚበዛ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጠመኔ መስለው ይታያሉ። ፈዛዛ ቀለም የግድ ከተፈለገ ከሥሩ ነጭ የዓይን እርሳስ በስሱ ይቀባ። እውነቱን ለመናገር ግን መዳብ፣ ወርቅ፣ ጥልቅ አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ ለእኛ ቆዳ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልጋቸውም። የሚያብረቀርቀው በጣት ወይም በትንሹ በረጠበ ብሩሽ ሲጫን በደንብ ይወጣል። ውሃውን ብሩሹ ላይ እንጂ አይሻዶው ላይ አትርጩ፤ ላዩ ይጠነክርና ቀለም መስጠት ያቆማል። ያ ከሆነ ፕላስተር ለጥፎ ማንሳት የደረቀውን ሽፋን ይገፈዋል።

ዓይን ላይ ለድርድር የማይቀርቡ ነገሮች አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንዳንድ ቀይና ፍሎረሰንት ቀለሞችን ለዓይን አካባቢ አይፈቅድም። ስለዚህ አንዳንድ ባለ ብዙ ቀለም ፓሌቶች ጀርባ ላይ ለዓይን አካባቢ እንዳልሆነ ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ግን ይነበብ። ማንኛውም አዲስ ቀለም ክርን እጥፋት ላይ ተቀብቶ 48 ሰዓት ይታይ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ብልጭልጭ ዱቄት ወደ ዓይን አይጠጋ፤ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ የዓይንን ብሌን ሊቧጭር ይችላል። ምንጩ ያልታወቀ ኩልም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ የሚሠራበት ማዕድን እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የያዘ ነው።

አሁን ፊት። ትልቁ ጥፋት ቁጥር ላይ ነው፤ ያም ከቆዳ አንድ ሁለት ደረጃ የሚነጣ ፋውንዴሽን «እንዲያበራት» ተብሎ መምረጥ ነው። ጠይም ፊት በነጣ ፋውንዴሽን አይበራም። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በጠይሙ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አመድማ ይሆናል፤ አንገት ጠይም፣ ፊት ግራጫ። በጥቁርና በጠይም ልጅ ላይ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ገንዘብ የሚቀበለው ፊቷን ለማበላሸት ነው ማለት ማጋነን አይደለም። ድሮ ቁጥር የለም የሚለው ሰበብ ያስኬድ ነበር። ፌንቲ ቢዩቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ፋውንዴሽኑን በ40 ቁጥር ካወጣ ወዲህ ግን ሌሎችም ወደ ጥቁሩ በኩል ቁጥር ጨምረዋል። ሱቁ ያለው ሁለት ዓይነት ብቻ ከሆነም መፍትሔው መቀላቀል ነው። ከሚነጣው አንድ ጠብታ፣ ከሚጠቁረው ሁለት፤ አልስማማ ካለ አንድ ለሦስት። ልኩ ሲገኝ በወረቀት ይጻፍ።

ቁጥር የሚለካው ከመንጋጋ ወደ አንገት በሚወርድ መስመር ነው። የእጅ ጀርባ ከፊት ጋር አንድ ቀለም ስለማይሆን ያሳስታል። ሦስት ቀጫጭን መስመር ጎን ለጎን ሠርቶ፣ መስኮት አጠገብ ቆሞ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ። ብዙ ፋውንዴሽን ከቆዳ ወዝና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ሱቅ ውስጥ ልክ የነበረው ቤት ሲደርሱ ሌላ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንገት ላይ መቀባት ደግሞ አይመከርም። የሀበሻ ቀሚስ አንገትጌና ነጠላ ነጭ ናቸው፤ የፋውንዴሽን ዘይት ጥለቱ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይለቅም። የፊቱ ቁጥር ከአንገት ጋር ከገጠመ አንገትን መቀባት ጭራሽ አያስፈልግም።

ቆዳው ታጥቦ ማለስለሻ ከተቀባ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ። ሲሊኮን የበዛበት ፕራይመር ላይ ውሃ የበዛበት ፋውንዴሽን ሲደረብ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይንከባለላል። ሁለቱ መስማማታቸውን እጅ ላይ ቀላቅሎ ማየት ይቻላል፤ ከተለያዩ ፊትም ላይ ይለያያሉ።

ሙሉ ሸፋኝ ከሚፈልጉት ብዙዎቹ የሚፈልጉት በማድያት ምክንያት ነው። ማድያት ላይ ፋውንዴሽን መደረብ ብቻውን ግራጫ ያወጣል። መጀመሪያ ብርቱካናማ አራሚ ቀለም በጠቆረው ቦታ ላይ ብቻ፣ ቆዳው እስኪመሳሰል ድረስ በስሱ ይጫን። ብርቱካናማው የጥቁረቱን ሰማያዊና ግራጫ ድምቀት ያጠፋዋል። ከፋውንዴሽኑ ሥር ብርቱካን ካሳየ በዝቷል ማለት ነው፤ ፋውንዴሽን ከመጨመር ይልቅ አራሚውን መቀነስ ነው። የዓይን ሥር ጥቁረትም በዚሁ መንገድ ይታረማል። በፋውንዴሽን ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ ማድያትን ከሚያባብሰው የሚታይ ብርሃን በከፊል ይከላከላል፤ ያም ሆኖ የፀሐይ መከላከያ ክሬምን አይተካም። ስቴሮይድ ያለበት ማቅሊያ ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀባ ፊት ላይ ግን ሜካፕ መፍትሔ አይሆንም። ቆዳው ሳስቶ፣ ቀልቶና ተቆጥቶ ስለሚገኝ ፋውንዴሽን አይዝም፤ ያ የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው።

ስፖንጁ በውሃ ርሶ በፎጣ በደንብ ይጨመቅ፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቀለሙን ያሳሳል። ከአፍንጫ ዳርና ከጉንጭ መሃል ጀምሮ ወደ ውጭ መታ መታ እያደረጉ መሄድ ነው፤ ፀጉር መነሻና ጆሮ አጠገብ ሲደርስ ስፖንጁ ላይ የቀረው ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ሽፋን ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጥቁረቱ አሁንም በሚታይበት ቦታ ብቻ ይደገም። ፓውደር በመጫን እንጂ በመጥረግ አይቀባም። የዓይን ሥር በትንሹ ይሁን፤ ሲበዛ ሽብሽቡን ቆጥሮ ያሳያል። ሲጨረስ ክፍሉን አጨልሞ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ ማንሳት የግድ ነው። ሲሊካ ወይም ቲታኒየም የበዛበት ፓውደር በመስታወት የማይታይ ነጭ ሽፋን በፍላሽ ያወጣል። የሠርግ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ከማወቅ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

አዳማ እንደ ሌላው ከተማ አይደለችም። ሙቀቷ ይታወቃል፤ ነፋሷም የኤሌክትሪክ ተርባይን የተተከለለት ነው። ክሬም የሆነ ማብሪያ ጉንጭ ላይ ከተቀባ አቧራውን ይይዘዋል፤ በዱቄቱ ዓይነት ይተካ። ስቲክ ፋውንዴሽንና ሊፕስቲክ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጡ፤ ሰሙ ቀልጦ ዘይቱ ይለያል። ላብ ሲመጣ ሶፍት ጫን አድርጎ ማንሳት፣ ከዚያ ብቻ ፓውደር። ላብ ላይ የተነሰነሰ ፓውደር ይቋጥራል፤ ቋጠሮውን ለማስተካከል መታጠብ እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ሙሽራ ደግሞ ጉንጯን የማይስማት ዘመድ የለም። ፋውንዴሽኑ መጀመሪያ የሚነሣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ቀብቶ አይቶ ማጠብ ብቻ አይሁን፤ ለአምስት ስድስት ሰዓት ፊት ላይ ይቆይ። ቡና ይፈላበት፣ የዕጣን ጭስ ዓይን ያስነባ፣ እህትና ጎረቤት ጉንጭ ይሳሙበት። የት ቀድሞ እንደሚሰነጠቅ፣ የት እንደሚወዛ የሚታወቀው እንዲህ ነው። አፍንጫ ዳር ቀድሞ ከለቀቀ እዚያ ማለስለሻው ይቀነስ። አፍ ዙሪያ ከተሰነጠቀ የመጀመሪያው ሽፋን ወፍሯል።

ሜካፑ ሲነሣ በውሃና በሳሙና መፈተግ ቆዳ ያቆስላል። ዘይት ወይም ማጽጃ ባልም ጥጥ ላይ አድርጎ የተጨፈነ ዓይን ላይ 30 ሰከንድ መያዝ፣ ወደ ታች ማንሳት፣ ከዚያ ፊትን በለዘብተኛ ሳሙና መታጠብ። ደማቅ ሮዝና ወይን ጠጅ ከዚህም በኋላ ቆቡ ላይ ጥላ ሊተዉ ይችላሉ። ያ ጥላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ልምምዱ ከሠርጉ ዋዜማ የሚርቅበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለነጋዴዎችና ለውበት ሳሎኖች የምንለው አለን። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመዋቢያ ምርቶች ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ናቸው። አምራቹና የማብቂያ ቀኑ ያልተጻፈበትን አይሻዶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ፋውንዴሽን የሚሸጥ ሱቅ የጆሮ ጥጥ አዘጋጅቶ ገዢዋ መንጋጋዋ ላይ ሞክራ፣ ደጅ ወጥታ በፀሐይ ብርሃን እንድታየው ይፍቀድ። ሳሎኖችም ልጅቷ ቤት ያገኘችውን ልክ በወረቀት ይዛ ስትመጣ ይቀበሏት፤ ፊቷን ከእነሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ማስካራና ብሩሽ የራሷን ይዛ ትሂድ። ከአንዷ ዓይን ወደ ሌላዋ የሚዞር ማስካራ የዓይን ኢንፌክሽን ያስተላልፋል፤ የራስ የሆነውም ቢሆን ከተከፈተ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይጣላል።