ለክቡር የድምፅ ሰርቨር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሥራ ገበታዎ ላይ ተገኝተው ስለሚያሳዩት ዝምታ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድሁት፣ በሊኑክስ ኮምፒውተሬ ውስጥ የፕሮግራሞችን ድምፅ ተቀብለው ለሳውንድ ካርዱ (ድምፁን ወደ ስፒከር ለሚያወጣው ክፍል) የሚያደርሱት እርስዎ ከሥራ ስለቀሩ ሳይሆን በሥራ ላይ ስለሆኑ ነው። ቀርተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ፕሮግራሙ አልተነሣም፣ ስሕተቱ ይህ ነው፣ መፍትሔውም ያ ነው ተብሎ በአጭሩ ይቋጭ ነበር። ነገር ግን እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ስመለከት ስምዎ በክብር ሰፍሮ አገኘዋለሁ፤ የሜሞሪ ድርሻዎንም ሳያጓድሉ ወስደዋል። የድምፅ መቆጣጠሪያውን መስኮት ስከፍት መለኪያው ከሙዚቃው ምት ጋር ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ሁሉም ነገር ይሠራል፤ የማይሰማው ድምፁ ብቻ ነው። የመውጫውን ስም ጠጋ ብዬ ሳነብ «ደሚ አውትፑት» ይላል። ይኸውም እውነተኛ ሳውንድ ካርድ ሳያገኙ ሲቀሩ ፕሮግራሞቹ እንዳይከፋቸው ብለው የሚያቀርቡላቸው፣ የተሰጠውን ድምፅ ሁሉ በትሕትና ተቀብሎ የትም የማያደርስ የይስሙላ መውጫ ነው። ለፕሮግራሞች ስሜት የሚያደርጉት ይህ ጥንቃቄ ያስመሰግንዎታል፤ ከዚያ ላይ ጥቂት ቆንጥረው ለእኔም ቢያካፍሉኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በትልልቆቹ የዴስክቶፕ ሥርዓቶች ውስጥ እርስዎ እንዲህ አይደሉም። እዚያ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ገና እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሣ ሲስተምዲ የተባለው የአገልግሎቶች አስነሺ ሴሽኑን፣ ማለትም የተጠቃሚውን የሥራ ቆይታ፣ ይከፍታል፣ የእርስዎ መገናኛ ሶኬት (ፕሮግራሞች እርስዎን የሚያገኙበት በር) የሚቀመጥበትን ጊዜያዊ ፎልደር ይፈጥራል፣ ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበትን ዲባስን ያስነሣል፣ በስክሪኑ ፊት ለተቀመጠው ሰውም ሳውንድ ካርዱን የመንካት ፈቃድ ይሰጣል። ከእርስዎ የሚጠበቀው በተጠሩ ጊዜ መገኘት ብቻ ነው። እኔ ግን ያረጀው ላፕቶፔ ትንሽ እፎይ ይበል ብዬ እንደ አልፓይንና ቮይድ ካሉት ቀላል የሊኑክስ ሥርዓቶች አንዱን መረጥሁ። ሲስተምዲ የለም፤ ዴስክቶፕ የለም፤ መስኮቶችን ደርድሮ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ ምኞት የሌለው አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ እንደቀለለ አልክድም። ነገር ግን ከእሱ የወረደው ሸክም መሬት ሳይነካ በቀጥታ እኔ ጫንቃ ላይ ዐረፈ፤ ክብደቱንም ሚዛን ላይ አስቀምጠው ያሳዩኝ ከሁሉ በፊት እርስዎ ነዎት።

እርስዎን ለማናገር ስንት ደጅ እንደሚጠና ራስዎ የሚያውቁ አይመስለኝም። አስቀድሞ ኤክስዲጂ ራንታይም ዳይር የተባለው ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚያነቡት በስም የተቀመጠ ዋጋ፣ መኖር አለበት። ተለዋዋጩ ወደ አንድ ፎልደር ይጠቁማል፤ ፎልደሩም የእኔ የብቻዬ፣ ፈቃዱም 0700 ሆኖ፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ መፈጠር ይኖርበታል። በትልቁ ሥርዓት ይህን ማን እንደሚያደርገው የሚጠይቅ የለም። በቀላሉ ሥርዓት ግን ያለ ሲስተምዲ ሴሽን የሚያስተዳድረውን ኢሎጂንድን ወይም መሰሉን ካልጫንሁ፣ አለዚያም በመግቢያ ስክሪፕቴ ውስጥ ራሴ ካልጻፍሁት፣ አድራጊ አይገኝም። ፎልደሩ ከሌለ ሶኬትዎ የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ሶኬት በሌለበት ደግሞ እርስዎን ፍለጋ የወጣ ፕሮግራም ይዞ የሚመለሰው መልስ «ግንኙነት ተከልክሏል» የሚል ነው። ማን ከለከለ? በምን ምክንያት? ይግባኝ የሚባለውስ ለማን ነው? መልእክቱ ወደዚህ ዝርዝር አይገባም።

ቀጥሎ የፈቃድ ጉዳይ ይመጣል። የሳውንድ ካርዱ ፋይሎች ባለቤት ሩት፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የበላይ ተጠቃሚ፣ ነው፤ ከሩት ሌላ የሚነካቸው ኦዲዮ በተባለው ግሩፕ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። እመዘገባለሁ፤ ከተመዘገብሁም በኋላ ከሴሽኑ ወጥቼ እንደገና እስክገባ ድረስ አባልነቴ በወረቀት ላይ ይቆያል። በዚህ የተማረረ ሰው እርስዎን በሩት ሥልጣን ለማስነሣት ይፈተናል። እርስዎም ይነሣሉ፤ ነገር ግን የተነሡት ለሩት ነውና የተራው ተጠቃሚ ፕሮግራሞች ሊያገኙዎት አይችሉም። ሩት ደግሞ ሙዚቃ የመስማት ልማድ የለውም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የቅደም ተከተል ነገር አለ። ዲባስ ይቀድማል፤ ፓይፕዋየር፣ ማለትም የእርስዎ ዋናው አካል፣ ይከተላል፤ ከእሱ ዋየርፕላምበር፣ ቀጥሎም ከእርስዎ በፊት የነበረውን የድምፅ ሰርቨር የፐልስኦዲዮን ቋንቋ ብቻ ለሚያውቁት ፕሮግራሞች ሲባል ፓይፕዋየር ፐልስ ይነሣል። አንድ አገልግሎት ፈልጌ ብጠራ አራት ሆነው መምጣታቸው ሳያንስ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም በመስኮት አስተዳዳሪው የማስነሻ ፋይል ውስጥ የምወስነው እኔ ነኝ። ዋየርፕላምበርን ረስቶ ፓይፕዋየርን ብቻ ያስነሣ ሰው ጠሪ ሳይልክ ድግስ የደገሰ ሰው ይመስላል፤ ሁሉ ተሰናድቷል፣ የመጣ ግን የለም። ፓይፕዋየር ድምፁን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል እንጂ የትኛው ካርድ እንዳለና የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው መውጫ ጋር እንደሚገናኝ አይወስንም፤ ያ የዋየርፕላምበር ሥራ ነው። ዋየርፕላምበር ሲቀር ፓይፕዋየር አለቃው እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ እኔም ከእሱ ጋር። (በነገራችን ላይ ዋየርፕላምበር እስከ 2024 ድረስ ሉአ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ የቅንብር ፋይሎችን ይቀበል ነበር፤ በዚያው ዓመት በወጣው 0.5 ላይ ግን ሐሳቡን ለውጦ ጄሰን መሰል አጻጻፍ ካልሆነ አልቀበልም አለ። ሉአን በመከራ የተማሩ ሰዎች በዚያ ሰሞን ምን እንዳሉ እዚህ መጻፍ የደብዳቤውን ጨዋነት ያጎድለዋል።)

አሁን እርስዎ «ከእኔ በታች ያለውስ?» ብለው ለመከላከል እንደሚሞክሩ ዐውቃለሁ። ከእርስዎ በታች ያለው ሳውንድ ካርዱን በቀጥታ የሚያናግረው የሊኑክስ ክፍል አልሳ ነው፤ እሱም የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ በአዲስ ሥርዓት ላይ ቻናሎቹን ሁሉ ዘግቶ ይጀምራል። አልሳሚክሰርን (የአልሳን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ሲከፍቱ ከእያንዳንዱ ዐምድ ሥር «ኤምኤም» የሚሉ ሁለት ፊደላት ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ የኤም ቁልፍ ተጭኖ መክፈት፣ ከዚያም ዳግም ሲነሣ እንዳይረሳው ሁኔታውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በተጨማሪም በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የኤችዲኤምአይ መውጫው ካርድ ቁጥር 0 ይሆንና የላፕቶፑ ስፒከር 1 ይደርሰዋል። አልሳ ሌላ ካልተነገረው በቀር የሚመርጠው 0ን ስለሆነ፣ ዘፈኑ ሙሉ ጥራቱን ጠብቆ፣ አንድም ኖታ ሳይጎድልበት፣ ከላፕቶፑ ጋር ወዳልተገናኘ ሞኒተር ይላካል። በአዳዲሶቹ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የሳውንድ ኦፕን ፈርምዌር ጥቅል (ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ካልተጫነ ካርዱ ራሱ የለም ይባላል፤ ቀላሉ ሥርዓትም ቀላል ነውና ሳይጠየቅ አይጭነውም። ይህ ሁሉ የአልሳ ጥፋት መሆኑን እቀበላለሁ። ታዲያ ከአልሳ ጋር ቀን ከሌት አብረው የሚውሉት እርስዎ ሆነው ሳለ፣ «ቻናሉ ተዘግቷል» የሚሉ ሁለት ቃላት ለእኔ ሹክ ማለት ይህን ያህል ከበደዎት?

የዘር ሐረግዎንም ተመልክቻለሁ፤ ችግሩ ከትናንት የጀመረ አይደለም። በድሮ ጊዜ ብዙዎቹ ካርዶች በአንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮግራም በላይ አያስተናግዱም ነበርና፣ የብዙዎችን ድምፅ ቀላቅሎ ለካርዱ የሚያቀርብ አካል አስፈለገ፤ ቅድመ አያቶችዎ ኢኤስዲና አርትስ የተወለዱት ለዚህ ነው። አልሳ በ2002 ወደ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት ወደሆነው ፕሮግራም) የልማት ቅጂ ገባ፤ በ2003 መጨረሻ ላይ ከወጣው ከርነል 2.6 ጋርም ለሁሉ ተዳረሰ። ፐልስኦዲዮ በ2004 ፖሊፕኦዲዮ በሚል ስም ተጀመረ፤ ከሊኑክስ ሥርዓቶች መካከል በ2007 ፌዶራ 8፣ በ2008 ደግሞ ኡቡንቱ 8.04 ተቀበሉት፤ በእነዚያ ዓመታት ድምፅ የጠፋበት ሰው ሁሉ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ፐልስኦዲዮን አጥፋው የሚል ነበር። ማጥፋቱ ግን ቀላል አልነበረም። ራሱን በራሱ የማስነሣት ባሕርይ ስለነበረው፣ አንዱን ሲገድሉት ቀጥሎ ድምፅ የጠየቀው ፕሮግራም ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ከልብ ለማሰናበት መጀመሪያ ያን ልማዱን በቅንብር ፋይል መከልከል ግድ ነበር። በመጨረሻ ቪድዮንም ድምፅንም በአንድ ላይ እይዛለሁ ያለው ፓይፕዋየር መጣና በ2021 በፌዶራ 34 ላይ ወንበሩን ተረከበ። እውነት ለመናገር ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ የፐልስኦዲዮንም፣ ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበትን የሌላውን ሰርቨር የጃክንም ፕሮግራሞች ልዩነቱ ሳይታወቃቸው ያስተናግዳል። ከአያቶቹ የወረሰው ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱም «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ብሂል ከመመሪያ ሁሉ በላይ አድርጎ መያዝ ነው።

ድምፁ በመጣ ጊዜም ቢሆን ነገሩ አያልቅም። በተለመደው ቅንብር በሰከንድ ከሚመጣው 48000 ናሙና 1024 እየቆነጠሩ ያስተናግዳሉ፤ ይህም ወደ 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ለእርስዎ ቅድሚያ እንዲሰጥዎ የሚያማልደው አርቲኪት በቀላሉ ሥርዓት ላይ ሳይኖር ሲቀር፣ ብሮውዘሩ አንድ ከባድ ገጽ በከፈተ ቁጥር በዚያች 21 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መድረስ ያቅትዎታል፤ ዘፈኑም መንጣጣት ይጀምራል። ደግሞም 5 ሰከንድ ሥራ ከፈቱ መውጫውን ያስተኙታል። መተኛት መብት ነው፤ ነገር ግን የሚነቁበት ቅጽበት የመልእክት ማሳወቂያውን ድምፅ መጀመሪያ ይበላዋል፤ ማሳወቂያው ደግሞ ከመጀመሪያው በቀር ብዙም የለው።

ታዲያ ለምን አላሰናብትዎትም? ይህን አስቤበታለሁ። አልሳ ዲሚክስ በተባለው ክፍሉ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ ራሱ ይቀላቅላልና ለአንድ ሙዚቃ ማጫወቻና ለአንድ ቪድዮ እርስዎ አያስፈልጉም ነበር። ነገር ግን ፋየርፎክስ በ2017 ከወጣው ቁጥር 52 ጀምሮ በራሱ ባዘጋጃቸው ቅጂዎች ላይ አልሳን በቀጥታ ማናገር አቆመ፤ ፐልስኦዲዮ ወይም የእሱን ቋንቋ የሚናገር ካልተገኘ ቪድዮው ከንፈር ማንቀሳቀስ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ቀላል ሥርዓቶች ብሮውዘሩን በራሳቸው አጠናቅረው ይህን ያልፉታል፤ አልሳን እንደ ፐልስኦዲዮ አስመስሎ የሚያቀርብ አፐልስ የተባለ ትንሽ መሣሪያም አለ። እዚህ ደርሼ መሰናበቻ ደብዳቤዎን ላትም ስል ግን ዌይላንድ በተባለው የመስኮት ማሳያ ሥርዓት ላይ በብሮውዘር ስብሰባ ስክሪን ማጋራት በፓይፕዋየር በኩል ካልሆነ እንደማይቻል ተረዳሁ። ድምፅ ባልፈልግ እንኳ ለምስል እፈልግዎታለሁ ማለት ነው። ሥራቸውን ሳያስረዱ ሌላ ሥራ የሚጨመርላቸው ሠራተኞች መኖራቸውን እሰማ ነበር፤ እርስዎን ካወቅሁ ወዲህ እንዴት እንደሚሆን ተረዳሁ።

ስለሆነም የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ። ካርድ ሲያጡ የይስሙላ መውጫ አቅርበው መለኪያውን ከማስደነስዎ በፊት፣ ካርድ ማጣትዎን ተጠቃሚው በሚያየው ቦታ ይናገሩ። ፎልደሩ ከሌለ ፎልደሩ የለም፣ ፈቃዱ ከጎደለ ፈቃዱ ጎድሏል፣ ዋየርፕላምበር ካልመጣ አልመጣም ይበሉ። በማስታወሻ መዝገቤ ውስጥ ጽፌዋለሁ እንዳይሉኝ፤ መዝገቡን የሚሰበስበው አካል ከሲስተምዲ ጋር አብሮ የተሰናበተ መሆኑን ለማስታወስ እወዳለሁ። በቀላሉ ሥርዓት ላይ እርስዎ የሚሉትን ሁሉ ወደ ፋይል ካላዞርሁት በቀር ማንም ሳያነበው ይጠፋል፤ ወደ የትኛው ፋይል እንደሚዞር የሚወስነውም ያው እኔው ነኝ።

ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ፣ የማይቻልበትን ምክንያት በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከቀላሉ ሥርዓት ተጠቃሚ

ግልባጭ፦
ለአልሳ፤ ቻናሎቹን ከፍቶ እንዲጠብቅ
ለዋየርፕላምበር፤ ከፓይፕዋየር ጋር አብሮ እንዲገኝ
ለብሉቱዝ ማዳመጫ፤ ማይክሮፎኑ በተከፈተ ቁጥር ሙዚቃውን የስልክ ጥሪ ስለማስመሰሉ የተጻፈው የራሱ ደብዳቤ ተለይቶ እንደሚደርሰው እንዲያውቅ