ጅብ የማን ዘመድ ነው?

ነገሮችን በዓይነት ስለመመደብ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ተፈጥሮን የምንከፋፍለው እኛ ነን፤ መስመሩ ከእኛ ጭንቅላት ውጭ የለም» ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ግን የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ የፕላቶ ምሳሌ መዘለል አልነበረበትም። ጎበዝ ሥጋ ቆራጭ በመገጣጠሚያው በኩል ይለያል እንጂ አጥንት አይሰብርም ይላል።

እናቴ ዶሮ ስትበልት የማየው ይህንኑ ነው። ታፋውን በጣቷ ዳበስ ታደርጋለች፣ ቢላዋውን ታስገባለች፣ በቃ ተለየ። መገጣጠሚያውን እሷ አልፈጠረችውም። 12 ብልት ይሁን ያለው ግን ሰው ነው። (ስንት ሙሽራ እንዳስጨነቀ አትጠይቁኝ!) ሁለቱም አንድ ድስት ውስጥ ይገባሉ።

ጅብን ደግሞ እዩት። ሲያዩት ውሻ ይመስላል፤ በዘር ሐረጉ ግን ለድመት ይቀርባል። ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ ሲመረመር ተገኘ እንጂ። የባሌና የሰሜን ተራሮቹ ቀይ ቀበሮም ያው ነው። ስሙ ቀበሮ፣ ዘረመሉ ሲታይ ግን የተኩላ የቅርብ ዘመድ።

ስለ ፕሉቶ ግን የጽሑፉ ጸሐፊ ልክ ናቸው፤ እዚያ መስመሩን ያሰመረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕላኔትነት የወረደው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፕራግ ላይ በሰጡት ድምፅ ነው። እሱ እንደሆነ ያኔም ዛሬም ፀሐይን መዞሩን አላቆመም።