ለኅዳር ብርድ፣ ባለህበት

ቀን፦ ኅዳር ማብቂያ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል
ጉዳዩ፦ ሁለት ጃኬቶችን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

«አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ ድፍረት እንዳይመስልህ። ድሬዳዋ ውስጥ «እርስዎ» ብዙም አልለመደብንም። አያቱን «አንተ» እያለ ያደገ ሰው ለብርድ አንቱታ ከየት ያመጣል?

ይህን የምጽፍልህ ጋቢ ተከናንቤ፣ ካልሲ አድርጌ፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ካልሲው የልጄ የትምህርት ቤት ካልሲ ነው። ተረከዜ ጋ አልደረሰም። እኔ ዓመቱን ሙሉ በሽርጥና በነጠላ ጫማ የምኖር ሰው ነኝ፤ ካልሲ ምን ያደርግልኛል ብዬ እገዛለሁ?

በቅድሚያ ሕጋዊነትህን ልጠይቅ። የአገራችን ባሕረ ሐሳብ አንተን አያውቅህም። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ይባላል። አበባና እሸት የተመዘገበበት ወቅት ነው። ክረምት ነኝ እንዳትል ክረምታችን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እሱስ ቢያንስ ዝናብ ይዞ ይመጣል። ፈረንጆቹም በዚህ ሰሞን ክረምት ገባ ሲሉ በረዶ ያሳያሉ። አንተ ምን ታሳያለህ? የተሰነጠቀ ከንፈር።

ከየት እንደምትመጣም እናውቃለን። በዚህ ወር ሰማዩ ደመና የሚባል የለውም። ማታ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሽቅብ ሲለቀው የሚያቅበው ነገር የለም። ከላይ ተራራው ላይ የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ይከብድና በደንገጎ በኩል ቁልቁል ይንሸራተትብናል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ 1,200 ላይ። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አንተ የሐረር ትራፊ ነህ። እነሱ ለብሰው የጣሉህን ነው እኛ የምንለብሰው። ሳልባጅ ብርድ!

የአክስቴ ልጅ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ይኖራል። ትናንት ደውዬ «አቦ በረደን» ብለው ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት። እሷም እንድትስቅ።

ደግሞ የሥራ ሰዓትህ! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ትገባለህ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሮህ ባዶ ነው። ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ይሆንና ሰው ሁሉ ጃኬቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። በጣም በርትተሃል በተባለበት ሌሊት እንኳ 14፣ 15 ዲግሪ ነህ። ግማሽ ቀን ሠርቶ ሙሉ ደመወዝ የሚበላ አንተን አየሁ።

ትናንት ጠዋት ገላዬን ልታጠብ ገባሁ። በግንቦት ቧንቧውን ስንከፍት ሻይ የሚጥዱበት ውሃ ነው የሚወርደው፤ ሮቶው ጣሪያ ላይ ሲቀቀል ስለሚውል። ያኔ የምንታጠበው በባልዲ ቀድተን እስኪበርድ ጠብቀን ነው። ትናንትም ያው ሮቶ፣ ያው ቧንቧ። የመጀመሪያው ጆግ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ካወጣሁት ድምፅ የተነሳ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «ምነው፣ ደህና ናችሁ?» አለች። ሁለተኛ ጆግ አልነበረም።

ከዚያ ወጣሁ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ፀጉራም ኮፍያ ያለው ወፍራም ኮት ለብሷል፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቷል። እግሩ ላይ ግን ነጠላ ጫማ ነው፤ ጣቶቹ ሜዳ ላይ ናቸው። ከወገቡ በላይ ሞስኮ፣ ከወገቡ በታች ጅቡቲ። ማንም አልሳቀበትም። እኔም የልጄን ካልሲ ሱሪዬ ሥር ደብቄ ስለነበር ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

የመጀመሪያዋን ጃኬት የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ገዛኋት። ሰማያዊ ናት። ሻጩ «ይቺን ከለበስክ ብርድ አያውቅህም ወላሂ» ብሎኝ ነበር። አራት ጠዋት ለበስኳት። በአምስተኛው ቀን ከከዚራ ወደ ሳቢያን በቀትር ስመለስ፣ በሙቀቱ አውልቄ ከጎኔ አስቀመጥኳት። ሂሳብ ከፍዬ ወረድኩ። ባጃጁ ሄደ፣ ጃኬቷም አብራ ሄደች። አንተ እስከ ማታ ድረስ ሥራህ ላይ ብትቆይ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ማን ነው ተጠያቂው?

ሁለተኛዋ ግራጫ ነበረች። የእሷ ታሪክ ከኩሉቢ ጋር ይያያዛል። እንደምታውቀው ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፤ ከሚጎርፈውም በድሬ በኩል የሚያልፍ አለ። ካቻምና የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። በካናቴራ! ገና ከመግባቱ እጁን ዘርግቶ «ኧረ ይሄ አየር ደስ ሲል!» አለ። እኔ በራፍ ላይ ጃኬትና ጋቢ ደርቤ ቆሜያለሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አጎቴ፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ፎቶ አነሳኝ። ፎቶውን ለማን ሁሉ እንደላከው እስካሁን አላወቅሁም፤ ብቻ ከአዲስ አበባ የሚደውል ዘመድ ሁሉ ጤንነቴን ሲጠይቅ ከረመ።

ያ ልጅ በዋዜማው ወደ ኩሉቢ ሊወጣ ሲል ፀባዩ ተለወጠ። «እዚያ ላይ ሌሊት ይበርዳል አሉ» አለና ጃኬቷን አየት አደረጋት። ስለቴን ልወስድ ነው ለሚል ሰው ጃኬት ይከለከላል? ሰጠሁት። ከኩሉቢ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ስለቱ እንደሠመረለት ሰምቻለሁ። ጃኬቴን ለብሶ የተነሳውንም ፎቶ አይቻለሁ። ታምርበታለች።

ቅሬታዬ ግን በጃኬት አያበቃም። ልጅ ሆነን ከየካቲት ጀምሮ ፍራሽ ግቢ ይወጣል፣ አልጋ ይደረደራል፣ አጎበር ይሰቀላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ደጅ ይተኛል። ኮከብ እየቆጠርን፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየሰማን፣ በአጥር ላይ ከእነ እገሌ ጋር እየተሰዳደብን እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ እናቴ አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ አየሩን ታሸትና «ግቡ!» ትላለች። በቃ። ያ ቃል የአንተ መምጫ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ ሲወርድ ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ እግሬን ወንድሜ ሲረግጠው ይሰማኛል።

ጎረቤታችን የሸሚን ደ ፈር፣ የምድር ባቡሩ ማለቴ ነው፣ ጡረተኛ ነበር። በአንተ ሰሞን ጠዋት ጠዋት የድሮ ኮቱን ለብሶ ፀሐይ ላይ ወንበር ያወጣና እኛን ሲያይ በፈረንሳይኛ «ኢል ፌ ፍሯ፣ መዛንፋን!» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም፤ ስድብ መስሎን እንሸሽ ነበር። «ልጆቼ፣ በረደ እኮ» ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እሱን ሳስብ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ተራራው አስቸገረና ባቡሩ እታች ቀረ፣ ከተማ ተቆረቆረ። ተራራውን አውቃለሁ፣ ምክንያቱ በቂ ነው። ግን ደግሞ ያ ሁሉ መሐንዲስ በግንቦት ቢደርስ ኖሮ እዚህ ይሰፍር ነበር? በታኅሣሥ አያት፣ ነፋሻ ናት አለ፣ ሻንጣውን አወረደ። በዚያም ጉዳይ እጅህ አለበት።

ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ቆሻሻውን አቃጥሎ ሲታጠን እኔም ወጥቼ ነበር። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ነው ይባላል። ሌላው ሰው በሽታ ሊያባርር፣ እኔ እጄን ልሞቅ። ባለቤቴ አይታኛለች።

ቬንትሌተራችንንም እይልኝ። አስር ወር ሙሉ የቤቱ አባወራ እሱ ነው፤ ወንበራችንን የምንመርጠው እሱ የዞረበትን አይተን ነው። አሁን ጥግ ይዞ ነጠላ ተሰቅሎበታል። እንግዳ ሲመጣ «ማን ነው የቆመው?» ይላል።

ስለዚህ የምጠይቅህ አጭር ነው። ወይ ሦስት ወር ሙሉ ቀንም ሌሊትም ሥራ፣ ጃኬት እንግዛና ጃኬት እንልበስ። ወይ ደንገጎ ላይ ቅር። በጥር መጨረሻ ዝም ብለህ ውልቅ እንደምትልም፣ በሚያዝያ ላብ ሲያጠምቀኝ ስምህን እየጠራሁ እንደምፈልግህም አውቃለሁ። እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው።

ከሰላምታ ጋር፤ ሞቅ ያለ ልለው አልቻልኩም።

ግልባጭ፦
ለሐረር ከተማ፣ ትራፊዋን እንድትሰበስብ
ለወንድሜ ልጅ፣ አዲስ አበባ፣ ለሚያውቀው ጉዳይ
ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ለሚነዳ ባለ ባጃጅ፣ ቀትር ላይ ያወልቃታል ብዬ ስለማምን እየጠበቅሁት እንደሆነ እንዲያውቀው